የታመመ ጉበትና የሚጠጣ ቅጠል

(በጥርባ ለተሰበሰቡ አድማጮች የተነገረ ዲስኩር)



ቅጠልን ከቅጠል፣ ሥርን ከሥር ለይቶ በሚያውቅ፣ ለምች ዳማከሴውን፣ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳሙን ከጓሮው ቀጥፎ በሚያነሣ ሕዝብ ፊት ቆሞ ስለ ዕፀዋት መናገር ድፍረት ሊመስል እንደሚችል አላጣሁትም፤ ነገር ግን ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ስለ ዕፀዋቱ ጠባይ ከእናንተ የበለጠ አውቃለሁ ብዬ ሳይሆን፣ ቅጠሉ ተወቅጦና ተጨምቆ በአፍ ከገባ በኋላ በሰው ሥጋ ውስጥ ስለሚሄድበት መንገድ፣ ይልቁንም በዚያ መንገድ ላይ የተቀመጠው ጉበት አስቀድሞ የታመመ እንደ ሆነ ስለሚደርሰው ነገር ነውና፣ ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

ነገሬም የአባቶችን ጥበብ ለማቃለል የመጣ እንዳይመስላችሁ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ስለ ሐኪም ክብርና ከምድር ስለሚገኝ መድኃኒት አጥብቆ እንደሚያስተምር በመካከላችን ያሉት ካህናት ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ ሊቃውንቱም ዕፀ ደብዳቤ በሚባሉት መጻሕፍት ውስጥ የዛፉን ስምና የሚደባለቅበትን ነገር እየጻፉ ለደቀ መዛሙርቶቻቸው ሲያወርሱ ኖረዋል። ስቴፋን ስትረልሲን የተባለው ፖላንዳዊ ሊቅ እንዲህ ያሉትን የብራና ጽሑፎች መርምሮ፣ ስለ ኢትዮጵያ ሕክምናና ዕፀዋት እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1973 ሁለት ጥራዞች አሳትሟል። ከእርሱም እጅግ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1770 ከዚህ ከእናንተ አገር እምብዛም ወደማይርቀው ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ በአገራችን ሳለ ከያዘው የተቅማጥ ደዌ ዋጊኖስ በሚባለው ዕፅ እንደ ዳነ ጽፏል፤ የአውሮፓ ሊቃውንትም ዛፉን ብሩሲያ ብለው ሰየሙትና፣ ያዳነው ዕፅ የዳነውን ሰው ስም ወርሶ ቀረ።

ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ ደግሞ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመልክቶ፣ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ፍጥረት የሚገድል ኃይል በዚህ በአገራችን ፍሬ ውስጥ እንዳለ ለዓለም ገልጧል። እንግዲህ በዕፀዋት ውስጥ ኃይል አለ ወይስ የለም ብሎ የሚከራከር ሰው ቢኖር እኔ ከእርሱ ወገን አልቆምም። የእኔ ስጋት የሚነሣው፣ ኃይል ያለው ነገር ሁሉ የሚጎዳበትም መንገድ እንዳለው ስንዘነጋ ነው፤ ቀንድ አውጣን የሚፈጅ እንዶድ ለሚጠጣው ሰው አንጀት ርኅራኄ አያደርግም፤ የኮሶ ትልን የሚያወርደው ኮሶም ከመጠን ሲያልፍ የዓይን ብርሃን እስከ ማጥፋት መድረሱን ሐኪሞቻችን ከጻፉ ብዙ ዓመት አልፏል።

ጉበት በቀኝ ጎናችን ከጎድን አጥንት ሥር የተሸሸገ፣ በጎልማሳ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን አካል ሲሆን፣ ከጨጓራና ከአንጀት የሚነሣው ደም ወደ ልብ ከመመለሱ በፊት በአንድ ታላቅ ደም መልስ ተሰብስቦ በእርሱ በኩል እንዲያልፍ ፈጣሪ ስለ ሠራው፣ የበላነውና የጠጣነው ነገር ሁሉ፣ እንጀራው ከነወጡ፣ ጠላውና አረቄው፣ የሐኪሙ ክኒንና የመድኃኒት አዋቂው ጭማቂ፣ በዚህ ኬላ ሳይፈተሽ የሚያልፍ የለም። ጉበት የሚጠቅመውን ያስቀራል፤ የሚጎዳውን ባሕርዩን ለውጦ በሐሞትና በሽንት እንዲወጣ ያደርጋል፤ ስንቆስል ደማችን እንዲረጋ የሚያደርገውንም ነገር የሚሠራው እርሱ ነው። ከፊሉ ቢቆረጥ እንኳ መልሶ ሊያድግ የሚችል ብርቱ አካል ነው፤ ከብርታቱም የተነሣ ሕመሙን ቶሎ አይናገርም። በአገራችን ልዩ ልዩ ስፍራዎች የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ጽሑፍ እንደ ታየው፣ ከ100 ሰው መካከል ከ7 የሚበልጡት ሄፓታይተስ ቢ የተባለውን የጉበት ቫይረስ በደማቸው ይዘው ይኖራሉ፤ ከእነዚህም የሚበዙት እያረሱ፣ እየነገዱ፣ ልጅ እያሳደጉ፣ ጉበታቸው መታመሙን ሳያውቁት ዓመታት ያሳልፋሉ። ስለዚህ ዛሬ የጉበት ሕመምተኛ ስል በአልጋ ላይ የተኛውን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ከዚህ ከተቀመጥነው መካከል የትኛችን እንደ ሆንን ሳይመረመር አይታወቅም።

ጉበት መርዝን ያጠፋል አልን። የሚያስደንቀው ግን፣ አንዳንድ ጊዜ መርዝ ያልነበረውን ነገር መርዝ የሚያደርገው ራሱ ጉበት መሆኑ ነው፤ ይህንንም በአገራችን በሆነ ነገር ላስረዳችሁ።

በትግራይ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ፣ በሕርሚ ሸለቆ፣ ጸዓዳ እምባ በምትባል መንደር፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ገደማ ጀምሮ አንድ ያልታወቀ ደዌ ገባ። የታመመው ሰው አስቀድሞ ሆዱን ያመዋል፤ ቀጥሎ ሆዱ ውሃ ይቋጥርና እንደ ነፍሰ ጡር ይነፋል፤ እጅና እግሩ ይመነምናል፤ ሕፃናትም ሳይቀሩ በዚህ ሁኔታ ሞቱ። አረቄ ነው እንዳይባል የማይጠጡት ታመሙ፤ የጉበት ቫይረስ ነው እንዳይባል ምርመራው ያን ያህል አላሳየም። ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር የመጡ ሊቃውንት ውሃውን፣ እህሉን፣ የሰዉን ደምና ሽንት ለዓመታት ሲመረምሩ ቆይተው፣ በመጨረሻ ያገኙት ነገር ገበሬው በየማሳው የሚያየው አንድ አረም ነበር፤ በሳይንስ ስሙ አጌራተም ኮኒዞይደስ ይባላል። የዚህ አረም ፍሬ ከእህሉ ጋር ይታጨድና ይወቃል፤ ከእህሉም ጋር ይፈጭና ይጋገራል። በውስጡ ያለው ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የተባለ ነገር እንዳለ ቢሆን ብዙም አይጎዳም፤ ጉበት ግን እንደ ልማዱ ለውጦ ላስወጣው ብሎ ሲነካው ወደ ብርቱ መርዝ ይለወጥና እዚያው በውስጡ ያሉትን ቀጫጭን ደም መልሶች አቁስሎ ይደፍናቸዋል፤ ደሙ መውጫ ሲያጣም ውሃው ወደ ሆድ ይፈስሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጥናት ይህንን ደዌ የሕርሚ ሸለቆ የጉበት በሽታ ብሎ ሰይሞ፣ መርዙን በሕመምተኞቹ ሽንት ውስጥ እንዳገኘው፣ ነቀዝ እንዳይበላው በእህል ላይ የሚነሰነሰው ዲዲቲም ጉዳቱን ሳያብስ እንዳልቀረ ገልጧል።

ይህንን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈው የነቢዩ ኤልሳዕ ነገር ትዝ ይለኛል። በጌልገላ ረኃብ በሆነ ጊዜ፣ ለነቢያት ልጆች ወጥ ሊሠራ ወደ ዱር የወጣው ሰው የምድረ በዳ ቅል በልብሱ ሙሉ ሰብስቦ በምንቸቱ ውስጥ ከተፈው፤ ሰዎቹም ቀምሰው ሞት በምንቸቱ ውስጥ እንዳለ ጮኹ። ልብ አድርጉልኝ፤ ያ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሰነፍም አልነበረም፤ የተራቡትን ሊመግብ ደክሞ የሰበሰበ ሰው ነው፤ የጎደለው ነገር ቢኖር የሰበሰበውን አለማወቁ ብቻ ነበር። በጸዓዳ እምባም እንጀራውን የጋገረችው እናት እንዲሁ ናት።

በጃማይካ ደሴት ደግሞ ነገሩ ከእህል አልፎ ለመድኃኒት ተብሎ በሚጠጣ ነገር መጣ። ድሆች እናቶች ልጆቻቸው ሲታመሙባቸው ከጫካ ቅጠል ቀጥፈው እንደ ሻይ እያፈሉ ያጠጡ ነበርና፣ ከቅጠሎቹ አንዳንዶቹ ይህንኑ አልካሎይድ የያዙ ስለ ነበሩ የልጆቹ ጉበት በዚሁ መንገድ ሲደፈን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1954 መርምረው ጻፉት። በአፍጋኒስታንም ጉልራን በምትባል ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ፣ ከድርቅ በኋላ ስንዴው ውስጥ በበዛ አረም የተነሣ ብዙ ሺህ ሰዎች ታመሙ።

አሁን ወደ ገዛ ቤታችን ልመለስ። የወፍ በሽታ የያዘው ሰው ዓይኑ ቢጫ፣ ሽንቱ እንደ ወፈረ ሻይ ሆኖ ወደ መድኃኒት አዋቂ ሲመጣ ምን እንደሚደረግለት ታውቃላችሁ። የሰንሰሉ፣ አንዳንዱ አገር ስሚዛ የሚለው፣ ለጋው ቅጠል ተመርጦ ይቀጠፋል፤ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ በጨርቅ ተቋጥሮ ሲጨመቅ አረንጓዴው ውሃ በስኒ ይቀዳል፤ ሕመምተኛውም በባዶ ሆዱ ፊቱን አጨማዶ ይጨልጠዋል። ስኒው ግን የአንዱ ቤት ትንሽ፣ የሌላው ቤት ትልቅ ነው፤ ቅጠሉ በክረምት ውሃ የጠገበ፣ በበጋ የደረቀ ነው፤ የሚጨምቀው እጅ የጎረምሳ ሲሆን አንድ ዓይነት፣ የአሮጊት ሲሆን ሌላ ዓይነት ይወጣል። ከዛሬው ስኒ ውስጥ ምን ያህል ኃይል እንደ ገባ፣ ከትናንቱ ይብለጥ ይነስ፣ አዋቂውም ሕመምተኛውም ሊያውቁት አይችሉም።

ያም ሆኖ ሰውየው በሦስት ወይም በአራት ሳምንት ዓይኑ ነጥቶ፣ ምግብ አምሮት ይነሣል፤ ዝናውም በየገበያው ይወራል። እኔ ይህንን ዝና ሐሰት አልለውም፤ የሚገባው ለማን እንደ ሆነ ግን እጠይቃለሁ። በአገራችን ዓይንን ቢጫ ከሚያደርጉት ቫይረሶች ሄፓታይተስ ኤ እና ሄፓታይተስ ኢ የተባሉት በቆሸሸ ውሃና ምግብ የሚተላለፉ ሲሆኑ፣ በሚበዛው ሰው ላይ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያለ አንዳች መድኃኒት በራሳቸው ይለቃሉ፤ ሄፓታይተስ ቢ እንኳ በጉልምስና የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ራሱ ታግሎ ያሸንፈዋል። እንግዲህ ቅጠሉ የሚቀበለው ምስጋና በአመዛኙ ከሰው ተፈጥሮ የተዋሰው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ቅጠሉን ያልጠጣውም ሰው በዚያው ሳምንት ይነሣ ነበርና።

ችግሩ የሚመጣው በማይነሡት ላይ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ በመጨረሻዎቹ ወራት ሄፓታይተስ ኢ ሲይዛት ሞት በደጅ ቆሟል፤ በቤት የሚጠፋው እያንዳንዱ ቀን ከእርሷም ከፅንሷም ላይ የሚቀነስ ነው። በልጅነቱ ሄፓታይተስ ቢ ገብቶበት ከዓመታት በኋላ ጉበቱ የጠጠረበት ሰው ደግሞ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ይህ የበሽታው መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻው መቃረቡ ይሆናል። ይህንን ልዩነት በዓይን አይቶ መለየት ለሠለጠነ ሐኪምም ያለ ምርመራ ይከብደዋል። በአገራችን የጉበት ቫይረሶችን ብዙ ዓመት ያጠኑት ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ በጎንደር የበኣታ ማርያም አለቃ የነበሩት የአለቃ ጸጋ ልጅ መሆናቸውን ሳስብ፣ የአብነት ትምህርትና የደም ምርመራ በአንድ ቤት ሊያድሩ እንደሚችሉ አስተውላለሁ፤ በነገራችን ላይ ይህ የማይሆን የሚመስላቸው ሰዎች ከሁለቱም ወገን አሉ።

የጠጠረ ጉበት ያለበት ሰው ቅጠል ሲጠጣ ጉዳቱ በብዙ በር ይገባበታል። ጤነኛ ጉበት በሰዓታት የሚያስወግደውን ነገር የእርሱ ጉበት ቀናት ይዞት ይቆያልና፣ ለጎረቤቱ ልክ የሆነው ስኒ ለእርሱ ሦስትና አራት ስኒ ይሆንበታል። የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ መድኃኒት፣ ለምሳሌ እንዶድን ለወፍ በሽታ የሚያጠጡ አሉና እርሱን የመሰለው፣ ለጤነኛ ሰው የአንድ ቀን ሥቃይ ሲሆን፣ ለዚህ ሰው ግን ከሰውነቱ ውሃ በድንገት ስለሚያጎድልበት ኩላሊቱን ያደክመዋል፤ አእምሮውም ይታወክና ቀን ያንቀላፋል፣ ሌሊት ይባንናል፣ የልጁን ስም ያሳስታል። ይህንን ጊዜ ቤተ ሰቡ መንፈስ ያዘው ብሎ ወደ ሌላ መፍትሔ ሲሮጥ፣ ጉበቱ ያላጣራው መርዝ ወደ አንጎል መውጣቱን የሚነግረው የለም። መድኃኒቱ በአረቄ ተበጥብጦ የተሰጠ እንደ ሆነማ፣ አረቄው ብቻውን ለሠራው ጥፋት ቅጠሉ ምስክር ሆኖ ይቆማል።

እስካሁን ስለ ጓሮ ቅጠል ስናገር በልባችሁ፣ እኛስ ከአሜሪካ የተላከልንን ነው የምንወስደው፣ ያላችሁ አትጠፉም። በሚያምር ጠርሙስ፣ አረንጓዴ ቅጠል ተሥሎበት፣ ልጅ ለእናቱ፣ እኅት ለወንድሟ በሻንጣ የምታመጣው የዕፅ ክኒን ዛሬ በከተሞቻችን ብቻ ሳይሆን በገጠርም መድረሱን አያለሁ። እዚያው አሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለው ነገር እንደ መድኃኒት ፈዋሽነቱና ደኅንነቱ አስቀድሞ ሳይረጋገጥ ወደ ገበያ ሊወጣ እንደሚችል ሻጩ አይነግራችሁም። በዚያው አገር በመድኃኒት ሳቢያ የሚመጣን የጉበት ጉዳት የሚከታተሉት ሐኪሞች ከሚመዘግቧቸው ሕመምተኞች ከ5 አንዱ ያህሉ የተጎዳው ከዕፀዋትና ከመሰል ማሟያዎች የተነሣ ሆኖ ተገኝቷል።

እርድን ውሰዱ። በአልጫ ወጣችን ውስጥ የምትገባው ቁንጥር እርድ ማንንም እንዳልጎዳች እናውቃለን፤ ነገር ግን የእርዱ ፍሬ ነገር ተጣርቶ፣ አንጀት አብዝቶ እንዲቀበለው ከቁንዶ በርበሬ ጋር ተደባልቆ በክኒን ሲሰጥ ሌላ ነገር ይሆናል፤ እነዚሁ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2022 በእርድ ክኒን ጉበታቸው የተጎዳ 10 ሰዎች መዝግበዋል፤ ከእነርሱም አንዱ ሞቷል። አረንጓዴ ሻይም በስኒ ሲጠጣ ሌላ፣ ተጨምቆ በክኒን ሲዋጥ ሌላ ነው፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳስታወቀው፣ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ የሻዩን ፍሬ ነገር በክኒን መውሰድ የጉበት መጎዳት ምልክት በደም ውስጥ እንዲወጣ ያደርጋል። ጉበትን ያድሳል ተብሎ በዓለም ሁሉ የሚሸጠው ሲሊማሪን የተባለው የእሾህ ተክል ንጥር እንኳ፣ ሄፓታይተስ ሲ ባለባቸው 154 ሰዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ ሲታይ፣ ምንም መድኃኒት ከሌለበት ክኒን የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ሰው ገንዘቡን በከንቱ ማውጣቱ ቀላል ነው፤ የሚያሳዝነኝ በዚያ ክኒን ተማምኖ ምርመራውን የሚተወው ነው።

ስለ ጫት በዚህ አገር ብዙ መናገር አያስፈልገኝም፤ በሐረር ሆስፒታሎች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጽሑፍ ጫት የሚያበዙ ሰዎች ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ የበለጠ እንደሚጋለጡ ማሳየቱን ብቻ ልጥቀስና ልለፍ።

ከሁሉ ይልቅ አጥብቄ የምናገረው መድኃኒት ጀምረው ላሉት ነው። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና በፕሮግራም ተጀምሮ፣ ቴኖፎቪር የሚባለውን ክኒን በየቀኑ የሚወስዱ ወገኖቻችን ጉበታቸው አርፎ መኖር ችለዋል። ይህ ክኒን ቫይረሱን አስሮ ይይዘዋል እንጂ ፈጽሞ አይነቅለውም፤ ስለዚህ አንድ ሰው፣ ይህን ቅጠል እየጠጣህ ያንን ክኒን ተወው፣ ሲባል ሰምቶ በድንገት ቢያቋርጠው፣ ቫይረሱ እንደ ተፈታ አውሬ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ጉበቱን ሊያወድመው ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድም ሰው እንዲሁ ይጠንቀቅ፤ ከክኒኖቹ አንዳንዶቹ በጉበት ላይ የሚከብዱ ናቸውና፣ ከላያቸው ቅጠል ሲጨመርና ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ ሐኪሙ ለይቶ ማወቅ ያቅተዋል። ጸበል የሚጠመቁትንና የሚጠጡትን በተመለከተ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በግልጽ ማስተማራቸውን ማስታወስ ይበቃል፤ ለጉበት ክኒንም ነገሩ የተለየ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ለመድኃኒት አዋቂዎች የምለምነው ነገር አለ። ከእናንተ ዘንድ የሚመጣው ሰው ሆዱ ውሃ የቋጠረ፣ ደም ያስመለሰ፣ ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ቃሉን የሚያምታታ ቢሆን፣ ወይም ዓይኗ ቢጫ የሆነ ነፍሰ ጡር ብትሆን፣ አንዲት ስኒ እንኳ ሳትሰጡ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ላኩ፤ ይህ ከስማችሁ ላይ የሚቀንስ ሳይሆን በስማችሁ ላይ የሚጨምር ነው። እናቶችም ሕፃናትን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ማስከተብ አትርሱ፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በዚያ መርፌ ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አብሮ አለ።

ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደውም ሰው የጠጣውን አይደብቅ። ቅጠል ከሆነ ከነግንዱ፣ አበባና ፍሬ ካለው ከነአበባውና ከነፍሬው ተቆርጦ በወረቀት ይጠቅለል፤ ክኒን ከሆነ ጠርሙሱ ከነጽሑፉ ይያዝ፤ መቼ እንደ ተጀመረ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደ ተወሰደ ይነገር። ሐኪሙም ቅጠሉን አይቶ ቢቆጣ፣ የሚቀጥለው ሕመምተኛ ቅጠሉን በኪሱ ደብቆ እንደሚቀርብ ይወቅ። እናንተም አሁን፣ እኔ ሳልጠቅሰው የቀረሁ፣ በዚህ አገር ለወፍ በሽታ የሚጠጣ ቅጠል ወይም ሥር የምታውቁ ካላችሁ፣ በአማርኛም ሆነ በአውኚ ስሙን፣ የሚበቅልበትንና የሚሰጥበትን መጠን ንገሩኝ፤ ደብተሬን ይዣለሁ፣ እጽፈዋለሁ።